ከትምህርት መዝጊያ በፊት ስላለችው ሳምንትና ስለ ክለሳ ጨዋታ

(በጅቡቲ ከተማ ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ፈተና ካለቀ በኋላ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ባለችው አጭር ሳምንት ምን እንሥራ የሚል ነው። ይህች ሳምንት በብዙ ትምህርት ቤት ባለቤት እንደሌለው መሬት ጦም ማደሯን ሁላችን እናውቃለን። መምህሩ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ተማሪው በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ወላጅም «ከእንግዲህ ምን ቀረ» ብሎ ልጁን ከቤት ያስቀራል። በዚህ አኳኋን ዓመቱን ሙሉ የደከምንበት አዝመራ ታጭዶ ሳይታሰር ይቀራል፤ ያልታሰረውን ነዶ ደግሞ ነፋስ ይበትነዋል።

ነገሩ በዚህ በጅቡቲ ከተማ ይበልጥ ይከብዳል። በደጋ አገር ክረምት ብለን የምንጠራው ረጅም ዕረፍት በዚህ የሐሩር ወራት ነው፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በአማርኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ሲወጣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል። ይህ ለእርሱ ሀብት ነውና ማንም ሊነፍገው አይገባም። ዳሩ ግን ከመምህሩ አፍ ብቻ የሰማውን የሳይንስና የታሪክ ቃል በእነዚያ ወራት የሚያነሣለት ሰው ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሳምንት የስንብት ብቻ ሳትሆን የስንቅ ሳምንት ልትሆን ይገባታል።

«ጨዋታ ቁም ነገርን ያቀላል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የሚሆነን ከገዛ ቤታችን አለ። የቀድሞ መምህሮቻችን ልጁ ሀሁን በተርታው ከያዘ በኋላ ያንኑ ፊደል ቅደም ተከተሉን ለውጠው አቡጊዳ ያስቈጥሩት ነበር። በዜማ ብቻ የሸመደደው ልጅ ከእያንዳንዱ ፊደል መልክ ጋር መተዋወቁ የሚታወቀው ተርታው ሲፈርስ ነውና። የክለሳ ጨዋታ ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው፤ የተማሩትን ባልተጠበቀ መንገድ መጠየቅ።

የዘመኑ ምርምርም ይህንኑ ያጸናል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፍለው አንዱን ወገን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዲያጠና፣ ሌላውን ወገን ግን አንድ ጊዜ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ሳያይ እንዲያስታውስ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያጠኑት 40 ከመቶ ያህል ብቻ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ሲጠይቁ የነበሩት 61 ከመቶ ያህል አስታወሱ። እንግዲህ በመጨረሻዋ ሳምንት ማስታወሻ በጥቁር ሰሌዳ እየጻፉ ከማስገልበጥ ይልቅ መጠየቅ ይሻላል ማለት ነው።

አሁን ያለ ገንዘብ ሊደረጉ የሚችሉ ሦስት ጨዋታዎችን ላቅርብ።

አንደኛው የባቡር ጨዋታ ነው። ከዚህ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ጅቡቲን፣ አሊ ሳቢህን፣ ደወሌን፣ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ አዳማንና አዲስ አበባን በተርታ ይጽፋል። ክፍሉ በአራት በአምስት ቡድን ይከፈላል፤ በየቡድኑም ለእያንዳንዱ ልጅ ቍጥር ይሰጠዋል። «በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ይህን መንገድ በስንት ሰዓት ይጨርሳል?» ተብሎ ይጠየቃል። ቡድኑ ከተመካከረ በኋላ መምህሩ ዕጣ አውጥቶ አንድ ቍጥር ይጠራል፤ የሚመልሰው ባለቍጥሩ ብቻ ነው። መልሱ 28 ሰዓት መሆኑን ከነምክንያቱ ካስረዳ ቡድኑ አንድ ጣቢያ ይሄዳል። ማን እንደሚጠራ አይታወቅምና ጐበዙ ሰነፉን ማስተማር ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ መመለስን፣ መልሱ ሲጠፋም «አገር ስጠኝ» መባባልን ልጆቻችን ከቤት ያውቁታል። አዲስ ነገሩ እንቆቅልሹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ከተማሩት ትምህርት እንዲያወጡት ማድረግ ነው። ለምሳሌ፦ «ከውሃ የተወለደ፣ ፀሐይ ያሳደገችው፣ ወደ እናቱ ቢመለስ የሚጠፋ።» መልሱ ጨው ነው፤ ከዚያም ስለ ትነትና ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚገኘው ስለ አሳል ሐይቅ መነጋገር ይቻላል። ያልመለሰው ልጅ አገር ሲሰጥ ደግሞ የሰጠውን ከተማ በካርታ ላይ ያሳያል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ትምህርት ይከለሳል።

ሦስተኛው የሰልፍ ጨዋታ ነው። በአሮጌ ካርቶን ቍራጭ ላይ የዓድዋ ድል፣ ባቡሩ አዲስ አበባ መግባቱ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መመሥረቱ፣ የጅቡቲ ነጻነት እየተባለ ያለ ዓመተ ምሕረት ይጻፋል። ልጆቹ ካርቶኑን ይዘው ሳይናገሩ በዘመን ተራ ይሰለፋሉ። በኋላ 1888፣ 1909፣ 1955፣ 1969 እየተባለ ይታረማል። መሮጥ የሌለበት ስለ ሆነ በሙቀትም፣ በጠባብ ክፍልም ይሆናል።

ነገር ግን ጨዋታ ሁሉ ክለሳ አይደለም። ስሕተቱ ወዲያው ካልታረመ የጫጫታ ሰዓት ሆኖ ያልፋል። ቀድሞ እጁን ያወጣ ብቻ የሚያሸንፍበት ጨዋታም ዓመቱን ሙሉ ያፈረውን ልጅ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ያሳፍረዋል። ይህን አደራ ብዬ እነግራችኋለሁ። ከዕረፍት በኋላ ተመልሶ ለመምጣት የሚያመነታ ልጅ ይዞት የሚሄደው የመጨረሻውን ቀን ትዝታ ነው። ሳቅ ተስቆበት ከሄደ ለመቅረት ምክንያት ሰጠነው፤ ባቡሩን አንድ ጣቢያ አሳልፎ ከሄደ ግን የሚመለስበት ምክንያት አለው።

ለትምህርት ሹማምንትም አንድ ልመና አለኝ። ይህችን ሳምንት በሥራ መርሐ ግብር ውስጥ አግቡልን፤ የፈተና እርማትም የማለዳውን ሰዓት እንዳይሻማ አድርጉ። መምህሩ በበኩሉ ብዙዎች የሳቱትን ጥያቄ በደብተሩ ይመዝግብ፤ ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት እርሱ ይሁን። እንዲህ ከሆነ መዝጊያውና መክፈቻው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ የዓመቱ ድካምም ለነፋስ አይቀርም።