ኤርምያስ የገዛው እርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ እግዚአብሔር በሕዝቡ ላይ ሲፈርድ ቃል ኪዳኑን ያፈርሳልን? ወይስ ቃል ኪዳን ስለ ገባ መፍረዱን ይተዋልን? ለዚህ ጥያቄ የነቢዩ የኤርምያስ መጽሐፍ በአንዲት እርሻ ነገር መልስ ይሰጠናልና ልብ ሰጥተን እንስማው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ፥ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከቦ ያስጨንቃት ነበር። መከራው በጸና ጊዜ ንጉሡ ሴዴቅያስ ከሕዝቡ ጋራ ቃል ኪዳን አደረገ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው ዕብራዊ ወገኑ የሆነውን ባሪያውንና ገረዱን አርነት እንዲያወጣ ነው። በሙሴ ሕግ ዕብራዊ ባሪያ 6 ዓመት አገልግሎ በ7ኛው ዓመት በነጻ መውጣት ይገባው ነበር፤ አባቶቻቸው ግን ይህን ሕግ አልሰሙም። አሁን በጭንቅ ቀን ታሰበ፤ በቤተ መቅደስም በእግዚአብሔር ፊት በኪዳን ጸና።

ነገር ግን የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ መውጣቱ በተሰማ ጊዜ ከለዳውያን ከተማይቱን ትተው ሄዱ። ያን ጊዜ አለቆቹና ሕዝቡ አርነት ያወጡአቸውን ሰዎች መልሰው ባሮች አደረጓቸው። ቃል ኪዳናቸው የጠላት ጀርባ እስኪታይ ድረስ ብቻ የቆየ ነበር። ስለዚህ ነቢዩ፥ ጠላት ተመልሶ ከተማይቱን በእሳት እንደሚያቃጥል ነገራቸው፤ ከለዳውያንም ተመለሱ።

እንግዲህ እናስተውል፤ ፍርዱ የመጣው እግዚአብሔር ኪዳኑን ስለ ረሳ አይደለም፤ ስላሰበ ነው እንጂ። እስራኤልን ከግብፅ ባርነት ያወጣ አምላክ፥ በእስራኤል ቤት በባርነት የተያዘውን የድኻውን ጩኸት ችላ ሊል አይችልምና።

በዚያ ወራት ኤርምያስ፥ ከተማይቱ ትያዛለች ብሎ ስለ ተናገረ፥ በንጉሡ የግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ነበር። የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ለመነው። ዓናቶት በብንያም አገር ያለች የካህናት መንደር፥ የነቢዩም ወገኖች የሚኖሩባት ናት፤ ሰዎችዋ ግን አስቀድሞ ሊገድሉት ሽተው ነበር። አገሩም ሁሉ በጠላት ተወርሮ ነበር። እስረኛ ሰው፥ ሊያያት የማይችላትን እርሻ፥ ሊገድሉት በፈለጉ ሰዎች መንደር ይገዛልን? ነቢዩ ግን የእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑን ዐውቆ 17 ሰቅል ብር መዘነ፤ በውሉ ፈረመ፤ አተመም፤ ምስክሮችን አቆመ። ውሉም ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው የኔርያን ልጅ ባሮክን አዘዘው። ያ ውል ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሶ ዳግመኛ እንደሚያርስና እንደሚተክል የእግዚአብሔር መያዣ ነበር።

ነገር ግን ኤርምያስ እርሻውን ስለ ገዛ የፍርዱን ቃል አላለዘበም። ከተማይቱ ተያዘች፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፤ ሕዝቡም ተማረከ። በዚያ ጥፋት መካከል ግን ነቢዩን ከጭቃው ጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በእግዚአብሔር ስለ ታመነ ነፍሱ ተረፈችለት። የይሁዳ አለቆች መሐላቸውን አፍርሰው ሲወድቁ፥ ባዕዱ ጃንደረባ በእምነቱ ዳነ።

ከዚህ በኋላ 50 ዓመት ያህል አለፈ። በ538 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ ፈቀደ። መጽሐፈ ዕዝራም የተመላሾቹን ቍጥር ሲዘረዝር የዓናቶት ሰዎች 128 መሆናቸውን ይነግረናል። የሸክላው ዕቃ ምስክርነት እውነት ሆነ።

ምእመናን ሆይ፤ እኛም በጥምቀት ኪዳን የገባን ነን። በታመምን ጊዜ የተሳልነውን ስእለት በዳንን ማግሥት ብንረሳ፥ የሠራተኛችንን ደመወዝ ከልክለን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን ብናመጣ፥ ክርስቲያን መባላችን ከፍርድ አያስጥለንም። እንዲሁም በተግሣጽ ላይ ያለ ሰው፥ ቤቱ የፈረሰ፥ ሐዘን የከበበው፥ እግዚአብሔር ፈጽሞ ጣለኝ አይበል። የሚቀጣው እጅ ውሉን ያተመው እጅ ነውና።

ስለዚህ የወሰድነውን የሰው ገንዘብ እንመልስ፤ የበደልነውን እንካስ፤ በንስሓም እንቅረብ። ቸሩ አምላካችን በፍርዱ ቀን ኪዳኑን አስቦ ይማረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።