የማን እጅ ነው? የቢዛንታይን የወርቅ ሳንቲሞችን ውበትና ይዞታ ስለ መመዘን



በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አንድ ታሪክ ጽፎልን አልፏል። (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) ሶፓጥሮስ የሚባል የሮም፣ ማለትም የቢዛንታይን፣ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ዛሬ ስሪላንካ ወደምንላት ደሴት ይሻገራል። እዚያም ከአንድ የፋርስ ሰው ጋር ንጉሡ ፊት ይቀርባል። ንጉሡ ከሁለቱ አገሮች ነገሥታት የትኛው እንደሚበልጥ ቢጠይቅ ፋርሱ የራሱን ንጉሥ ሲያወድስ ሶፓጥሮስ ግን ሁለቱም ነገሥታት እዚሁ በገንዘባቸው ላይ አሉና አስተያያቸው ይለዋል። የፋርሱ ብር ነበር፤ የሮሙ ግን ጥሩ ወርቅ፣ ቅርጹም ያማረ። ፍርዱ ለወርቁ ሆነ። ኮስማስ ለወገኑ ማድላቱ አይካድም። የሆነ ሆኖ የዚህ ሳንቲም ውበት በራሱ ዘመን እንኳ ለዳኝነት ይቀርብ እንደነበር ከታሪኩ እንረዳለን።

ሳንቲሙ ሶሊደስ ይባላል፤ ግሪኮቹ ኖሚስማ ይሉታል። ቀዳማዊ ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አወጣው። ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 ስለሚመታ የአንዱ ክብደት 4.5 ግራም ያህል ነው። እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ንጽሕናው ብዙም ሳይጎድል ዘለቀ። ንጹሕ ወርቅ ደግሞ አይዝግም፤ መሬት ውስጥ ሺህ ዓመት ቢቀበር አፈር አይበላውም። የመዳብ ሳንቲም ቢጎሳቆል በአፈሩና በእርጥበቱ ይሳበባል። ወርቅ ላይ ግን የምናየው ጉድለት ሁሉ ከሞላ ጎደል የሰው እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ መዛኙ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት የማን እጅ እንደሆነ ይጠይቅ።

መጀመሪያ የቀራጩ እጅ። የጥንት ግሪኮችን ሳንቲም የለመዱ ሰብሳቢዎች የቢዛንታይኑን ድርቅ ያለ፣ ሕይወት የሌለው ይሉታል። አልስማማም። ከቀዳማዊ ዮስጢንያኖስ ዘመን (527–565) ጀምሮ ንጉሡ በአብዛኛው ፊት ለፊት ያየናል፤ ቀራጩም የሰውየውን መልክ ከማሳየት ይልቅ ማዕረጉን ማሳየት ነበር ግቡ። የአብያተ ክርስቲያናችንን ሥዕል ያየ ሰው ይህ አይቸግረውም፤ እኛም ዘንድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ጎኑን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚታየው ክፉው ነው። መልክ ፈላጊ ቢኖርም ባዶ እጁን አይመለስም፤ የፎቃስ ሹል ጢምና የሄራክልዮስ ረጅም ጢም አሉለት። እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው የዳግማዊ ዮስጢንያኖስን ሳንቲም ነው። ይህ ንጉሥ በመጀመሪያ ዘመነ መንግሥቱ የክርስቶስን መልክ በሳንቲሙ ፊት አስቀርጾ ራሱ መስቀል ይዞ ወደ ጀርባው ዞረ። የዚያ ክርስቶስ ጠጉር ረጅም፣ ጢሙ ሙሉ ነው፤ ንጉሡ በ705 ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ያስመታው ግን አጭርና ጥቅልል ጠጉር ያለው ነው። የመጀመሪያውን በጥሩ ቅርጽ የተመታ ሆኖ ያገኘ ሰው ትንሽ ቢጫጫርም አይልቀቀው።

ቀጥሎ መቺው አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፊት ለፊት በሚያይ መልክ ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣው አፍንጫው ስለሆነ በመያዝ ብዛት ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፤ መዶሻው ሲላላም ሳይሞላ የሚቀረው እሱው ነው። ሁለቱን የሚለየው ወዙ ነው። አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያው ያለው ሜዳ ወዙን እንደያዘ ከሆነ ሳንቲሙ አላለቀም፤ ምቱ ነው የላላው። ሜዳውም ፈዞ ከሆነ ግን ብዙ ኪስ ዞሯል ማለት ነው። ኤንጂሲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለጥንታዊ ሳንቲሞች ከይዞታው ደረጃ ሌላ ለምቱና ለገጹ ለየብቻ ከ5 ነጥብ መስጠቱ በዚህ ምክንያት ትክክል ነው። የቀራጩን ችሎታ ግን ቁጥር አይዘውም።

የተጠቃሚውን እጅ ሚዛን ያጋልጠዋል። ጠርዙን በመቀስ እየሸረፉ ወርቁን ማስቀረት የተለመደ ሌብነት ነበር። ሆኖም ክብደቱ የጎደለ ሁሉ ተሸርፏል ማለት አይደለም፤ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆን ተብለው ከ24 ካራት ክብደት ይልቅ በ20 ወይም በ22 የተመቱ ሶሊደሶች አሉ። እነዚህ ከጀርባው ግርጌ፣ ኮኖብ የሚለው ጽሑፍ በሚውልበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የተለየ ምልክት አላቸው። በሚስማር የተጫረ መስቀል ወይም ፊደል ካጋጠመኝ ቅር አይለኝም፣ የባለቤት ዱካ ነው። ሐብል ለማድረግ የተበሳ ግን ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ገጹን ቦርሾ «እንደ አዲስ» የሚያቀርበው የኋላ ዘመን ሻጭ ነው፤ ቡርሹ የገፈፈውን ወዝ የሚመልስ አንጥረኛ የለም።

ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ መለኪያው ራሱ ይለወጣል። ወርቁ በብር እየተበረዘ ነጣ፤ ሳንቲሙም ሰፍቶ፣ ሳስቶ እንደ ሳህን ጎደጎደ። ቀዳማዊ አሌክሲዮስ በ1092 ሂፐርፒሮን የተባለውን፣ ንጽሕናው 20.5 ካራት የሆነ ወርቅ ቢያወጣም ጎድጓዳው ቅርጽ አልተለወጠም። ጎድጓዳ ነገር በአንድ ምት አጥርቶ ማተም ስለሚያስቸግር ድርብ ምትና የጠፋ ጽሑፍ በእነዚህ ላይ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ለማየት እንዲመች ብሎ ማቅናት ግን ይሰነጥቀዋል። ቁስጥንጥንያን በ1261 ያስመለሰው ስምንተኛው ሚካኤል እጆቿን ዘርግታ የምትጸልይ እመቤታችንን በከተማዋ ቅጥር መካከል አስቀርጾ ነበር። ሥዕሉ ድንቅ፣ አመታቱ ግን ግድየለሽ ነው፤ የእመቤታችን ፊትና የቅጥሩ ግማሽ በግልጽ ከወጡ፣ የንጉሡ ስም ባይነበብም እንኳ፣ እኔ ጥሩ ከሚባሉት ተርታ አስቀምጠዋለሁ።