ሸክሙ የማን ነው፣ ውሳኔውስ?

በከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃና የአየር ንብረት ሥራ ሲጓደል ገንዘብና ባለሙያ አነሰ ማለት ይቀናናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሥራውን የሚያጸናው ግን ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው በውሳኔው ውስጥ ያለው ድርሻ ነው ብዬ እሞግታለሁ።

አዲስ አበባን እንመልከት። ለ50 ዓመታት ያህል ቆሻሻዋን ቆሼ ስትደፋ ኖራ፣ በፈረንሳይ ድጋፍ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ አሠራች። ቦታው የኦሮሚያ ነው፤ ጽዳቱ ለአዲስ አበባ፣ ሽታውና ፍሳሹ ለሰንዳፋ ገበሬ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በገበሬዎቹ ተቃውሞ ተቋረጠ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የግማሽ ክፍለ ዘመን ክምር በጥቂት ወራት ስለማይቀልል፣ አደጋውን በሰንዳፋ መዘጋት ብቻ ማሳበብ አይገባም። ሕዝብን ማማከር ሥራ ያጓትታል ለሚሉ ግን የሰንዳፋ ታሪክ መልስ ይሆናል፤ ጎረቤቱ ያልተቀበለው ግንባታ ተሠርቶ ካለቀም በኋላ ይቆማል። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያወጡ ኅብረተሰቡን እንዲያሳትፉ ያዘዘው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በአማራ ክልል ወደሚገኘው ፋግታ ለኮማ ወረዳ ስንሄድ ደግሞ ተቃራኒውን እናያለን። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል በነሣበት ማሳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘራ፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል አክስሎ ሸጠ። ደኑ የሰፋው ተካዩ፣ ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። «እንግዲያው ገበያው ይበቃል፤ ምክር ቤት ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ገበያው አይበቃም። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የመታው የዝገት በሽታ የአካባቢውን ኑሮ በአንድ ዝርያ ላይ መጣል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል። የአክሳዩን ሳንባ የሚጎዳው ጭስም በከሰሉ ዋጋ ውስጥ አይታሰብም። ይህን መመዘን የጋራ ውሳኔ ይጠይቃል።

ስለዚህ ዛፉ የሚበቅልበት ወረዳና ከሰሉ የሚያልፍበት ከተማ በአንድ ጠረጴዛ ይምከሩ። የቆሻሻ መጣያም ሆነ የችግኝ ጣቢያ ቦታ ሲመረጥ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት የአካባቢው ነዋሪ ይጠየቅ፤ የሰጠው መልስም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ለሕዝብ ይገለጥ። ተመራጮቻችንን በተተከለው ችግኝ ቁጥር ብቻ አንመዝናቸው፤ ጥቅሙና ሸክሙ ለማን እንደደረሰ እንጠይቃቸው።