የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ስለ መርዳት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የተሰጠ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን ይህን ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። የምናገረው ስለ ገዛ እናቴ ነውና። ኋላ ሳስበው ግን፣ በዚህ ግቢ እንደኔ ያለ ችግር ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ሁላችንም ደብቀነው ነው እንጂ።

እናቴን የጀመራት ከቀድሞው ሰፈራችን ተነሥተን ወደዚህ ኮንዶሚኒየም በገባን ሰሞን ነው። ድስት ጥዳ መርሳት፣ አንዱን ጥያቄ ዐሥር ጊዜ መጠየቅ አመጣች። እኛም «አርጅታ ነው፣ ጃጅታ ነው» ብለን ተውነው። አንድ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብላ ወጣች። ስትመለስ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ደረጃውም አንድ ዓይነት ሆነባትና የሰው በር ስታንኳኳ ዋለች። «ሌባ ናት» ብሎ የጮኸባትም ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ምን አደረግሁ? ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ እቆልፍባት ጀመር። እሳት ቢነሣስ ኖሮ? ዛሬ ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። እንደ ተረዳሁት ይህ እርጅና ብቻ ሳይሆን የአንጎል ሕመም ነው። ከዓይነቶቹ ዋናው አልዛይመር ሲሆን፣ ስሙም በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ከገለጠው ከጀርመናዊው ሐኪም የተወሰደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሕሙማን ነበሩ። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ነገር ግን የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንድ መድኃኒትም ጭምር መርሳትን ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ስለዚህ «ጃጁ» ከማለታችን በፊት እናስመርምራቸው።

አሁን በቤቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አንከራከራቸው። እናቴ «አባትሽ የት ሄደ?» ትለኛለች። በፊት «ሞቷል እኮ!» እላት ነበር፤ በየጊዜው እንደ አዲስ መርዶ ታለቅሳለች። አሁን «አባባ ምን ወጥ ነበር የሚወደው?» እላታለሁ። ስታወራልኝ ልቧ ይረጋል።

ሁለተኛ፣ ሥራ አንንጠቃቸው። እናቴ የኔን ስም ትረሳለች፤ እንዝርትና ጥጥ ከሰጠኋት ግን እጇ አልረሳም፣ ትፈትላለች። ምስርም ትለቅማለች። ሥራ የያዘች ዕለት «ወደ ቤቴ ውሰጂኝ» ማለቷ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ቤቱን እናመቻች። ቡታጋዙን ከሥሩ መዝጋት፣ መድኃኒቱን ቆጥሮ መስጠትና መቆለፍ፣ ሌሊት የመጸዳጃ ቤቱን መብራት አለማጥፋት። በራችን ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬአለሁ፤ ቁጥሩን ባታነብ ቀዩን ታውቀዋለች። ስልኬንም ጽፌ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ።

ከዚህ የቀረው የናንተ ድርሻ ነው። ደረጃ ላይ ስታገኟት «አወቁኝ ወይ?» ብላችሁ አትፈትኗት፤ ታፍራለች። «እማማ፣ እኔ እገሌ ነኝ፣ ከሁለተኛ ፎቅ» በሏት። ስትሄድ ካያችኋት አትጎትቷት፤ ጥቂት አብራችኋት ተራመዱ፣ ከዚያ «ኑ፣ ቡና እንጠጣ» ብላችሁ መልሷት። ባለሱቆቻችንም አንዱን ስኳር ሦስቴ ልትገዛ ከመጣች ገንዘቧን አቆዩልኝ። ልጆቻችንም እንዳይስቁባት ምከሩልኝ።

አስታማሚውንም አትርሱት። እኔ ልቅሶ እንኳ መድረስ አቅቶኝ ነበር። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቴ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል እናቴን ወስደው ቡና ያጠጡልኛል። ያቺ ሁለት ሰዓት ለኔ መድኃኒቴ ናት።

እንግዲህ ማኅበራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቤተሰቡ ፈቃድ ሲኖር የእንዲህ ያሉ አረጋውያን የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ስልክ በጥበቃዎቻችን ዘንድ እንዲያዝ ነው። የኛን ጥበቃዎቹ ይዘውታል። ቀን ቀንም የእኅቴ ልጅ አብራት ትውላለች። ዛሬ በሬ ከውጭ አይቆለፍም። በየቤቱ የተቆለፈ ሌላ በር ካለ እሱንም አብረን እንክፈተው።