ቅድምናና የካፒቴን ወንበር



ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በአየር የሚጓዝ ሰው በገንዳ ውኃ በኩል ጎንደር ወጥቶ ከአዘዞ ይሳፈራል። በዚህ አጭር መስመር የሚያበርረው ካፒቴን ገና ጀማሪ ነው ብለን የምናስብ እንኖራለን። የካፒቴን አምሳለ ጓሉ የሥራ ታሪክ ይህን ግምት ያርመዋል።

አምሳለ በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። በፎከር 50፣ ኋላም በቦይንግ 757 እና 767 ለ8 ዓመታት ያህል አገለገሉ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሲሆኑ የተረከቡት ግን ባለ ሁለት ፕሮፔለሩን ኪው-400 ነበር፤ መስመሩም ጎንደርና አክሱም። ከትልቁ አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ወደ ትንሹ ግራ ወንበር መዛወር ዕድገት ነው፤ በበረራ ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የካፒቴኑ ነውና።

በአየር መንገዶች ዘንድ የቅጥር ቅድምና ተራን ያስከብራል፤ በዝምድና መቀዳደምንም ይገታል። ነገር ግን ተራው የደረሰው አብራሪ ሥልጠናውንና የበረራ ፈተናውን ካላለፈ ካፒቴን አይሆንም። የአገልግሎት ዘመንን ብቻ ቆጥሮ የሚሾም መሥሪያ ቤት ይህን ሁለተኛ መመዘኛ ይዘነጋል፤ ጉዳቱም ለተገልጋዩ ይተርፋል። እናንተም ተራችሁን የምትጠብቁበትን ዘመን ለፈተናው ተዘጋጁበት።