የተዘነጉ ባንዶች፣ የተቀመጡ ካሴቶች፦ ያለፉት ዐሥርት ዓመታት ሙዚቃችንን ዳግም ስለማግኘት



ንግግሬን በጥያቄ ልጀምር። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የምታውቁ እባካችሁ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ፤ ያላወጣ ያለ አይመስለኝም። አሁን ደግሞ ማሕሙድን በዚያ ቅጂ ያጀበውን ባንድ ስም የምታውቁ አውጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መልካም። ባንዱ አይቤክስ ይባላል። ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ይዘውት የኖሩ ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ አብዛኞቻችን ያደግንበትን የካሴት ሙዚቃ የሠራውም እሱ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ በታየው የእጅ ብዛትና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት የዛሬው ንግግሬ ርእስ ነው።

በቅርብ ዓመታት «የተረሳ ሙዚቃ ተገኘ» የሚል ዜና ደጋግመን እንሰማለን። የአገራችን የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሥራዎች በፓሪስ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደን በሸክላ ይታተማሉ። ይህ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን «ተረሳ» ስንል ማን ረሳው? «ተገኘ» ስንልስ ከማን ቤት? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳንመልስ በደስታው ብቻ ብናልፍ ታሪካችንን ሌላ ሰው ጽፎልን እናነባለን።

በመጀመሪያ ሙዚቃው እንዴት እንደተቀረጸ ላስታውስ። በ1940 ዓ.ም. የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ይህን ድንጋጌ ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳተመ። ያ እርምጃ በር ከፈተ። አምሐ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቅቆ እስከወጣ ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎችንና ደርዘን ገደማ አልበሞችን አሳተመ። ፊሊፕስም አሳታሚ ሆኖ ገባ፤ «ዓሊ ታንጎ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን አቋቋሙ። እንግዲህ የዛሬው ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚጠራው የሸክላ ዘመን ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ያሠለጠኗቸው ነፋሾችና ከበሮ መቺዎች ከሬዲዮ ከሰሙት ሶል፣ ጃዝና ሮክ ጋር ተገናኙ። አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ በኩል የገባው የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከአንቺሆዬና ከትዝታ ቅኝት ጋር ተዋሐደ።

ሮክን በተለይ ለምትወዱ ተማሪዎቼ ስለ አያሌው መስፍን ልናገር። በዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ብትጓዙ በምታገኟት በወልድያ የተወለደው አያሌው ጥቁር አንበሳ ባንድን አቋቁሞ ይመራ ነበር። በእነዚያ ነጠላ ሸክላዎች ላይ ያለው ጊታር የሚያጓራ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ድምፅ አለው፤ ከበሮው ከባድ ነው፤ በላዩ የሚንሳፈፈው ድምፅ ግን የወሎ ሰው ድምፅ ነው። አያሌው በደርግ ዘመን ታስሯል፤ ከመድረክም ታግዷል። በመጨረሻ አሜሪካ ገባ። ሥራዎቹ «ሐሳቤ» በሚል ርእስ በአንድ አልበም ተሰብስበው ለዓለም የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የወልድያ ልጅ ሥራ ተጠርዞ ለመቅረብ ከአርባ ዓመት በላይ ጠበቀ፤ የጠረዘውም አንድ የካሊፎርኒያ አሳታሚ ነው።

ታዲያ ለምን ተረሱ? እኔ ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል።

አንደኛው የእኛው የአሰማም ልማድ ነው። በባህላችን ዘፈን የዘፋኙ ነው። ግጥም የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ጆሯችን ቃሉን ይከተላል። ስለዚህ በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ በትልቁ ይወጣል፤ የባንዱ ስም ቢወጣ በትንሹ ነው፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 ዘፋኝ የሌለበት ሙሉ የመሣሪያ አልበም ቀርጾ ነበር። ያ ሥራ በሸክላ ዳግም ታትሞ ትኩረት ያገኘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በመካከሉ ባለው ዘመን የመሣሪያ ሙዚቃ ለብዙዎቻችን በሬዲዮ ፕሮግራሞች መካከል የሚገባ መሸጋገሪያ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ፖለቲካዊ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የሌሊት ክበቦችን ሕይወት ቀየረ። ባንድ ደግሞ በየሌሊቱ በመጫወት የሚኖር ፍጡር ነው። የዋልያስ ባንድን ጉዞ ተመልከቱ። እነኃይሉ መርጊያና ሞገስ ሀብቴ የነበሩበት ይህ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸበለው» የተሰኘውን የመሣሪያ አልበም አሳተመ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚህ አልበም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ፤ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ በዚያው ቀረ። ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ እዚያው ቀርቶ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። ኃይሉ በዋሽንግተን የታክሲ ሹፌር ሆነ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ኮፈን ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል። አንድ ባንድ እንዲህ ሲበተን ታሪኩን የሚናገር አንድ ወጥ አካል አይኖርም፤ እያንዳንዱ አባል አንዳንድ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው ምክንያት የቁሱ ነው። ሸክላ በ70ዎቹ መጀመሪያ ቆመ፤ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ ዘንድ ደረሰ። ነገር ግን ክሩ ሙቀትን፣ አቧራንና እርጥበትን አይችልም፤ በተገለበጠ ቁጥርም ድምፁ እየደከመ፣ ከሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እየቀረ ይሄዳል። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ እዚህ አጣዬ፣ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ ሻይ ቤቶቹ የሚከፍቷቸውን ካሴቶች አስታውሳለሁ። አንዱን አስገልብጬ፣ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ለዓመታት ሰማሁት። ሽፋን ስላልነበረው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የዋልያስ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ዶክትሬቴን ይዤ፣ ሌላ አገር ታትሞ በማየቴ ነው። ይህን የምናገረው ለትዝታ ብዬ አይደለም። ሙዚቃው እኔ ዘንድ ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን አልነበረም። መረሳት ማለት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ዕቃው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስሙ ይጠፋል።

አሁን ወደ «መገኘቱ» ልለፍ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1984 «ኧረ መላ መላ»ን ሰማ፤ በማግስቱ ዓመት አዲስ አበባ መጣ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅግ ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲገባ ኢትዮ ጃዝ በዓለም ታወቀ። የኃይሉ መርጊያ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የቀረጸውን ካሴት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ባለቤቱን በስልክ ፈልጎ ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ግርማ በየነም ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2017 አልበም አቀረበ።

ልብ በሉ፤ ያ ካሴት የተገኘው ባሕር ዳር ነው። ይህም ማለት ሻጩ አልጣለውም፤ ገዢውም አልተወውም ማለት ነው። እኛ ዘንድ «የተረሳ» አልነበረም። የጎደለን ሙዚቃውን ከሠሪው፣ ሠሪውን ከዘመኑ፣ ዘመኑን ከሰነድ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ነው። ያንን ደግሞ ሌሎች ሠሩልን። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሐሜት አይገባቸውም። ነገር ግን የውጭ ሰብሳቢ የሚመርጠው ለጆሮው የሚቀርበውን ነው። ፈንክ፣ ጃዝ ወይም ሮክ የሚመስለውን ያነሣል። የግጥሙ ቅኔ ያመልጠዋል፤ የ80ዎቹን የካሴት ሙዚቃ በኪቦርዱ ምክንያት ይንቃል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የነበረውን ደግሞ ጭራሽ አያየውም። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ። በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ጊታር የተማሩ፣ አኮርዲዮን የተጫወቱ፣ ግጥም የጻፉ ሰዎች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሊኖሩ ይችላሉ። የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ኪነትን ለመፈለግ ከፓሪስ የሚመጣ ሰው የለም። ያ ሥራ የእኛ ነው።

ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑን ለዚህች ከተማ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለፈውን የሰው ሕይወትና የወደመውን ኑሮ ከካሴት ጋር ላነጻጽር አልደፍርም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ከተቃጠሉት ቤቶች ውስጥ የሠርግ ካሴት፣ የአባት ቴፕ፣ የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ ያልነበረበት ስንቱ ነው? አንድ ከተማ ሲቃጠል ማኅደሩም አብሮ ይቃጠላል። እዚህ አገር ማኅደሩ ያለው በቤተ መጻሕፍት ሳይሆን በቁም ሣጥን ላይ ነው።

የሕግም ጊዜ እየሄደ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮች የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በዚህ ስሌት የ1960ዎቹ ቅጂዎች ዘመን ወይ እያበቃ ነው፣ ወይ ሊያበቃ ተቃርቧል። ሕጉ ጥበቃውን ሲያነሣ ለቤዝ ተጫዋቹ የሚቀርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ። ስሙ ካልተጻፈ እሱም አይቀርለትም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ቀላል ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያሉ ካሴቶችን ፈልጉ። ያገኛችሁትን ወዲያው ቴፕ ውስጥ አታስገቡ፤ ክሩ መድረቁን፣ መጣበቁን፣ መሻገቱን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ደካማ ክር አንድ ጊዜ ብቻ ሊሰማ ይችላልና ያችን አንድ ጊዜ ለመቅረጽ አውሏት። የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ በእጅ የተጻፈውን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሡ። ስትቀርጹ ጥራት በማይቀንስ ፋይል አስቀምጡ፤ ቅጂውን በሁለት ቦታ አኑሩ። ካሴቱን ለባለቤቱ መልሱ፤ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድም ለሕዝብ አትልቀቁ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹን ጠይቁ። «ማን ዘፈነ?» ብላችሁ አትቁሙ። «ጊታሩን ማን ያዘ? ከበሮውን ማን መታ? የት ተቀረጸ? ማን ከፈለ?» በሉ። ሰላም ሥዩም ራሱ ጊታሩን ሳይጥል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ፣ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ የመመረቂያ ጽሑፉን እንደጻፈ አስታውሱ። ተጫዋቹ ታሪክ ጸሐፊ ለመሆን ጊዜ ካገኘ፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ተጫዋቹን ለማዳመጥ ጊዜ አጣሁ ሊል አይችልም።

በንግግሬ መግቢያ ለሁለተኛው ጥያቄ ሦስት እጆች ተነሥተው ነበር። ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ የምዝገባ ወረቀት ታገኛላችሁ። ካሴት ያላችሁ፣ ወይም በኪነት ቡድን ውስጥ የነበረ ሰው የምታውቁ፣ ስማችሁንና የምትገኙበትን ቀበሌ ጻፉልን፤ ተማሪዎቻችን ቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ። እኔም ያንን ሽፋን አልባ ካሴት ይዤ መጥቻለሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ተመዝግቧል።