የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)





የምስረታ በዓል ሲከበር የተሠራው መጋዘን፣ የተተከለው ወፍጮ፣ ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ይቆጠራል። ይህ ተገቢ ነው። ከዚሁ ጋር ግን አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይገባል። በመጋዘኑ ጆንያ የሚያወርደው ሠራተኛ፣ በአዳራሹ የሚሰበሰበው አባል፣ በየቤቱ ያለው ሕፃን የሚጠጣው ውሃ ምን ዓይነት ነው? ጤናማ ሕንፃ የሚባለው ግድግዳውና ጣሪያው ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚጠጣው ውሃም ጤናን የማይጎዳ ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው ውሃን የሚመዝነው በዓይኑና በምላሱ ነው። ከጠራና ካልሸተተ ንጹህ ነው ብሎ ይጠጣል። ይሁን እንጂ ጎጂ ከሆኑት ነገሮች በርካታዎቹ አይታዩም፤ ጣዕምም የላቸውም። የጥራት ደረጃ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከሰገራ የሚመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት የለበትም። በአንድ ሊትር ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ የተባለው ብረት ደግሞ ከ0.01 ሚሊ ግራም መብለጥ የለባቸውም።

ውሃን የሚበክሉ ነገሮችን በሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። አንደኛዎቹ ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው። እነዚህን ውሃውን አንተክትኮ በማፍላት ወይም በመጠኑ ክሎሪን በመጨመር መግደል ይቻላል። ሁለተኛዎቹ በውሃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናትና ኬሚካሎች ናቸው። እነዚህን እሳት አያጠፋቸውም። እንዲያውም ውሃው እየፈላ በተነነ ቁጥር በቀረው ውሃ ውስጥ መጠናቸው ከፍ ይላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ነው። በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሌሎችም የሸለቆው አካባቢዎች ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። በአንድ ሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ፣ ጥርት ያለና ከጀርም የጸዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የሕፃናት ጥርስ ከድድ ሳይወጣ በሚሠራበት ዕድሜ ይህን ውሃ ከጠጡ ጥርሳቸው ይበልዛል፤ የበለዘው ጥርስም ወደ ነበረበት አይመለስም። ለብዙ ዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይጎዳል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ጎንበስ ብሎ ማጨድ ያቅተዋል። እንዲህ ባለው ቦታ ፍሎራይዱን በከሰለ የከብት አጥንት ወይም በአልሙና በኖራ የሚቀንሱ ዘዴዎች አሉ። ነገር ግን በባለሙያ መሪነትና በምርመራ የሚሠሩ እንጂ በግምት የሚሞከሩ አይደሉም። የዝናብ ውሃ በቆርቆሮ ጣሪያና በአሸንዳ ማጠራቀምም ሌላው አማራጭ ነው፤ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ ግን መደፋት አለበት።

ከምንጩ ንጹህ ሆኖ የመጣ ውሃም ሕንፃው ውስጥ ከገባ በኋላ ሊበከል ይችላል። ክዳኑ የተከፈተ ሮቶ አቧራና አይጥ ይገባበታል፤ ካልታጠበም ሥሩ ደለል ይይዛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀው በኩል ከአፈሩ ቆሻሻ ይስባል። በአሮጌ የቧንቧ መጋጠሚያዎች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ በቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ ለመጠጥ ሳይሆን ለጽዳት መጠቀሙ ይመረጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ይበልጥ የሚመለከተው ግን የፀረ ተባይ ኬሚካል ዕቃ ነው። ባዶ ጀሪካን መጣሉ ስለሚያሳዝን ውሃ መቅጃ ሲሆን ይታያል። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር ደጋግሞ ማጠብ ዕቃውን ለመጠጥ አያበቃውም። መጋዘን ጠባቂው ለሻይ የሚሆን ውሃ በዚህ ቢያመጣ፣ ሻዩ መፍላቱ አያድነውም።

በመሆኑም ዩኒየኑና አባል ማኅበራቱ የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይጠቀማሉ፦

1. አዲስ ጉድጓድ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት የጀርምም የኬሚካልም ምርመራ በላቦራቶሪ ይደረግለት፤ ውጤቱም ለአባላት በግልጽ ይነገር።

2. የሮቶ ማጠቢያ ቀንና ኃላፊው ሠራተኛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

3. ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ከውሃ ማጠራቀሚያና ከጉድጓድ ርቀው ይቀመጡ። ባዶ የኬሚካል ዕቃዎች ተበስተው ይሰብሰቡ።

4. ሽንት ቤት ከጉድጓድ በታች ባለው ተዳፋትና ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር።

ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለአንዳንዱ አባል የማይታይ ወጪ ይመስለዋል። ዘር ሳይፈተሽ እንደማይዘራ ሁሉ ውሃም ሳይመረመር ለልጅ መሰጠት የለበትም። የከሰረ ምርት በሚቀጥለው መኸር ሊካካስ ይችላል። የበለዘ ጥርስና የደነደነ ወገብ ግን መኸር አይመልሰውም።

መልካም የምስረታ በዓል ይሁንላችሁ!